ቻርልስ ኬተሪንግና የሞተር ሕመም

ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በምልክት ነው። በቀድሞው ዘመን ምልክቱ ድምፅ፣ ጭስ፣ ንዝረትና የጉልበት መድከም ብቻ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በሾፌሩ ፊት የምትበራ ቢጫ መብራትና በመመርመሪያ መሣሪያ የሚነበብ የጉድለት ኮድ ተጨምረውበታል። ይሁን እንጂ የመሐንዲሱና የመካኒኩ ፈተና አልተለወጠም። ምልክቱ ከየት እንደ መጣ ሳያረጋግጥ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ጊዜና ገንዘብ ካባከነ በኋላ ያንኑ ምልክት መልሶ ያገኘዋል። ምልክቱን ብቻ ዝም የሚያሰኝም ሕመሙን ወደማይታይ ስፍራ ያሸጋግረው እንደሆነ ነው እንጂ አያድነውም። ይህን ልዩነት በግልጽ ከሚያስተምሩ የሕይወት ታሪኮች አንዱ የአሜሪካዊው መሐንዲስ የቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ ታሪክ ነው። ኬተሪንግ የሞተርን ሕመም በመለኪያ መርምሮ መንሥኤውን በማግኘት ከዘመኑ ሰዎች ቀዳሚ ነበር፤ ካገኘው በኋላ ያዘዘው መድኃኒት ግን ለዓለም ሌላ ሕመም ሆነ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬተሪንግ ኦገስት 29 ቀን 1876 በኦሃዮ ግዛት፣ ላውደንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ደካማ ስለነበረ ጥቂት ባነበበ ቁጥር ራሱን ያመው ነበር። በአካባቢው ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ካገለገለ በኋላ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቢገባም የዓይኑ ሕመም ትምህርቱን እንዲያቋርጥ አስገደደው። በዚያን ጊዜ ከስልክ መስመር ዘርጊዎች ጋር ተቀጥሮ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ምሰሶ ሲተክልና ሽቦ ሲዘረጋ ቆየ። ይህ ሥራ ዓይኑን ከማሳረፉም በላይ የኤሌክትሪክን ነገር በእጁ እንዲያውቅ ረዳው። ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ፣ ጓደኞቹ መጻሕፍቱን እያነበቡለት፣ በ1904 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቀ። በዕድሜ ከአብዛኞቹ ተመራቂዎች ይበልጥ ነበር።

እንደ ተመረቀ በዴይተን ከተማ በሚገኘው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር በተባለ ድርጅት ተቀጠረ። ድርጅቱ የሚሠራቸው የገንዘብ መመዝገቢያ መኪናዎች በዚያን ጊዜ በእጅ የሚዘወሩ ነበሩ። ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠሩ ሲታዘዝ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አስተዋለ። ሳያቋርጥ የሚሠራ ሞተር ጭነቱን የሚመጥን ትልቅነት ያሻዋል፤ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ሠርቶ የሚያርፍ ሞተር ግን፣ ለመጋል ጊዜ ስለማያገኝ፣ ትንሽ ሆኖ ሳለ ከተመደበለት ጭነት በላይ ሊሸከም ይችላል። ይህች ማስተዋል ኋላ ለታላቅ ሥራው መሠረት ሆነችው።

ከመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር በመስማማት፣ ማታ ማታ በዲድስ ግቢ በሚገኝ ጎተራ ውስጥ ጥቂት ጓደኞቹን አሰባስቦ ለአውቶሞቢል የሚሆን የተሻለ የማቀጣጠያ ሥርዓት ለመሥራት ይጥር ጀመር። በ1909 የካዲላክ ፋብሪካ ኃላፊ ሄንሪ ሌላንድ 8,000 የማቀጣጠያ መሣሪያ አዘዘ። በዚህ የተነሣ ዴልኮ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ኩባንያ ተቋቋመ። የሚቀጥለው ሥራ ሞተርን ያለ ማኖቬላ ማስነሣት ነበር። በዚያን ዘመን ማኖቬላ በድንገት ወደ ኋላ እየመታ የብዙ ሾፌሮችን ክንድና አንጓ ይሰብር ነበር። ሞተር ለማስነሣት የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ከዋናው ሞተር የማይተናነስ ክብደት ይኖረዋል ተብሎ ይታመን ስለነበረ አብዛኞቹ መሐንዲሶች ሐሳቡን ትተውት ነበር። ኬተሪንግ ግን ከገንዘብ መመዝገቢያው መኪና የተማረውን አልረሳም። ማስነሣት የጥቂት ሴኮንድ ሥራ ነው። በ1912 ዓመተ ምርት ካዲላክ ላይ የተገጠመው መሣሪያ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ባትሪውን ይሞላ፣ ማቀጣጠያውንና መብራቱንም ይመግብ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ዝና ሳይበርድ ክስ መጣበት። አዲሶቹ ካዲላኮች አቀበት ሲወጡና ጭነት ሲበዛባቸው በሲሊንደሩ ውስጥ መዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ ያሰሙ ነበር። የሞተር መንኳኳት የሚባለው ይህ ነው። ተቺዎች በደለኛው የኬተሪንግ የባትሪ ማቀጣጠያ ነው አሉ፤ ድምፁ የተሰማው ማቀጣጠያው ከተለወጠ በኋላ ስለነበረ አነጋገራቸው ሚዛን የሚደፋ ይመስል ነበር። ያው ሕመም ለገጠር ቤቶች መብራት እንዲያመነጩ በሠራቸው ትንንሽ ሞተሮች ላይም ታየ። እነዚህ ሞተሮች በላምባ እንዲሠሩ የታሰቡ ሲሆኑ ላምባ ከቤንዚን ይበልጥ ያንኳኳ ነበር።

በዚህ ጊዜ ኬተሪንግ ለራሱ ፈጠራ ጥብቅና አልቆመም፤ ምርመራ አዘዘ። ሥራው በ1916 ተቀጥሮ ለመጣው ወጣት መሐንዲስ ለቶማስ ሚጅሊ ተሰጠ። በሲሊንደር ውስጥ የሚሆነው ነገር በሺኛ ሴኮንድ የሚቆጠር ስለሆነ በጆሮ ተሰምቶ የሚፈረድ አልነበረም። ሚጅሊ ከግፊቱ ጋር የምትንቀሳቀስ ትንሽ መስተዋት ያላት፣ የብርሃን ጨረር በሚሽከረከር ፊልም ላይ እየጣለች የግፊቱን መስመር የምታስነሣ መለኪያ ሠራ። ምክንያቱ የማቀጣጠያው መቅደም ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ከብልጭታው በፊት ከፍ ማለት ነበረበት። በፊልሙ ላይ የታየው ግን ሌላ ነው። ካንዴላው በጊዜው አቀጣጥሎ፣ ግፊቱም እንደ ደንቡ መውጣት ከጀመረ በኋላ፣ መስመሩ በድንገት እንደ መርፌ ሾጠጠ። እንግዲህ ማቀጣጠያው ነጻ ሆነ፤ ምክንያቱ በነዳጁ አነዳደድ ውስጥ ተገኘ። በዛሬው ዕውቀት እንደሚታወቀው፣ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ ወደ ዳር ሲጓዝ፣ ገና ያልነደደው የመጨረሻው ክፍል በግፊትና በሙቀት ታምቆ ብልጭታም እሳትም ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ነዳጁ ለዚያ ሞተር የእመቃ ልክ ብቁ አልነበረም ማለት ነው።

መንሥኤው ከታወቀ በኋላ መድኃኒት ፍለጋው ተጀመረ። ኬተሪንግ ከበረዶ ሥር እንኳ ቀድማ የምታብብ፣ የቅጠሏ ጀርባ ቀይ የሆነ የዱር አበባ ያውቅ ነበር። ቀይ ቀለም ሙቀት ይስብ ይሆናል፤ ላምባም ቀይ ቢቀባ ቶሎ ይተን ይሆናል ብሎ አሰበ። ሚጅሊ በቤተ ሙከራው ቀይ ቀለም ቢያጣ በላምባ የሚሟሟ አዮዲን ጨመረ፤ መንኳኳቱም ቆመ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደስ ብሎት ሥራውን ባቆመ ነበር። ሚጅሊ ግን ሌሎች ቀይ ቀለሞችን አስመጥቶ ሞከረ፤ አንዳቸውም አልሠሩም። ቀለም የሌለው የአዮዲን ውሕድ ሲጨምር ግን መንኳኳቱ እንደገና ቆመ። ስለዚህ ውጤቱ እውነት፣ ሐሳቡ ስሕተት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሥራው የቀለም ሳይሆን የኬሚካሉ ነበር። የተሳካ ጥገና የጥገናውን ምክንያት አያረጋግጥም። ምክንያቱን የሚያረጋግጠው ሁለተኛው ሙከራ፣ ይኸውም ሐሳቡን ለማፍረስ ታስቦ የሚደረገው ነው።

አዮዲን ውድ ከመሆኑም በላይ ብረት ይበላ ስለነበረ ፍለጋው ቀጠለ። የተገኘው ንጥረ ነገር ሁሉ በየተራ ተሞከረ። በ1919 አኒሊን፣ ከዚያም ሴሌኒየምና ቴሉሪየም ጥሩ ውጤት ሰጡ። ነገር ግን የቴሉሪየም ሽታ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል፣ ታጥቦም ከገላና ከልብስ የማይለቅ ስለነበረ ተመራማሪዎቹ ከሰው መቀላቀል እስኪያፍሩ ደረሱ። የመንኳኳቱን ብርታት ለመለካትም ሚጅሊና ባልደረባው ቶማስ ቦይድ የምትዘል መርፌ ያላት መሣሪያ ሠሩ። በሲሊንደሩ ላይ የተቀመጠችው መርፌ መንኳኳት ባለ ቁጥር እየዘለለች የኤሌክትሪክ መስመር ትዘጋለች፤ በዚያ መስመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከፈሳሽ ጋዝ ያወጣል፤ የጋዙም መጠን ይለካል። በዚህ ዓይነት በጆሮ ይገመት የነበረው ድምፅ ወደ ቁጥር ተለወጠ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ዴልኮ በጄኔራል ሞተርስ እጅ ገብቶ ስለነበረ ኬተሪንግ በ1920 የዚያ ኩባንያ የምርምር ክፍል ኃላፊ ሆነ። በዚህም ሥልጣኑ ከሁሉ የከበደውን ውድቀት ቀመሰ። ራዲያተርና ውኃ የማያስፈልገው፣ በሲሊንደሩ ዙሪያ በተበየዱ የመዳብ ክንፎች በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሠርቶ ነበር። ሞተሩ በምርምር ክፍሉ እጅ በጎ ይሠራል ተባለ፤ በፋብሪካ ተሠርቶ ሲወጣ ግን ሙቀት ሲበዛበት ጉልበት ያጣ፣ ያለ ጊዜውም ይቀጣጠል ጀመር። የምርምር ሰዎች ፋብሪካውን፣ የፋብሪካ ሰዎችም ንድፉን ይወቅሱ ነበር። በ1923 ከተሠሩት 759 የሸቭሮሌ መኪናዎች ውስጥ ወደ 100 ያህሉ ብቻ ለተጠቃሚ ተሸጠው ሳለ ሁሉም እንዲመለሱ ታዘዘ። ኬተሪንግ አዝኖ ሥራውን ለመልቀቅ ጠየቀ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አልፍሬድ ስሎን ግን አልፈቀደለትም። ስለ መንኳኳቱ ሐቁን በመለኪያ ያወጣው ሰው በራሱ ሞተር ላይ ወቃሽና ተወቃሽ በተለያዩበት ጊዜ ሁለቱን የሚያስታርቅ መለኪያ ሳያገኝ ቀረ።

ወደ መንኳኳቱ እንመለስ። ዲሴምበር 9 ቀን 1921 ቴትራኤታይል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውሕድ በሞተር ተሞከረ። ከአንድ ሺህ እጅ በላይ ለሆነ ቤንዚን አንድ እጅ ቢጨመር መንኳኳቱ ፈጽሞ ይጠፋ ነበር። አልኮልም መንኳኳትን እንደሚያቆም ቤተ ሙከራው ያውቅ ነበር፤ እንዲያውም ሚጅሊ በዚያው በ1921 ቤንዚንና አልኮል በተቀላቀለበት ነዳጅ መኪና ነድቶ ወደ መሐንዲሶች ስብሰባ ሄዶአል። ነገር ግን አልኮል ብዙ መጠን የሚጠይቅ ሲሆን ማንም ሊሠራው ይችል ነበር። የእርሳሱ ውሕድ ግን ጥቂቱ የሚበቃ፣ የባለቤትነት መብትም የሚወጣለት ነበር። በፌብሩዋሪ 1923 በዴይተን ለገበያ ቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጄኔራል ሞተርስና የኒው ጀርሲ ስታንዳርድ ኦይል ኢታይል የተባለውን ኩባንያ በጋራ ሲያቋቁሙ ኬተሪንግ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። ሚጅሊ ራሱ በ1923 መጀመሪያ በእርሳስ ታሞ ለማገገም ሥራውን ትቶ ሄዶ ነበር። በኦክቶበር 1924 በኒው ጀርሲ ቤይዌይ በሚገኘው ማጣሪያ ውሕዱን ያመርቱ ከነበሩት ሠራተኞች 5ቱ አእምሮአቸው ታውኮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሞቱ ከ30 የሚበልጡት በጽኑ ታመሙ። በዚህ የተነሣ በሜይ 1925 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ከፍተኛ ሹም በዋሽንግተን ጉባኤ ጠራ። ኬተሪንግ የግኝቱን ታሪክና ነዳጅ ለመቆጠብ ያለውን ጥቅም አስረዳ። የጤና ሊቃውንቱ አሊስ ሃሚልተንና ያንደል ሄንደርሰን ደግሞ እርሳስ በየጎዳናው መበተኑ የሕዝብን ጤና ቀስ በቀስ ይጎዳል ብለው ተከራከሩ። የተሾመው ኮሚቴ ለአጭር ጊዜ አጥንቶ፣ ለመከልከል በቂ ምክንያት አላገኘሁም፤ ነገር ግን ጥናቱ ለረጅም ጊዜ ይቀጥል ሲል በ1926 አሳወቀ። ሽያጩ ተመለሰ። የቀጠለው ጥናት ግን በአብዛኛው በአምራቾቹ ገንዘብ፣ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በ1930 በተቋቋመውና በኬተሪንግ ስም በተጠራው ቤተ ሙከራ፣ በዶክተር ሮበርት ኬሆ መሪነት የተካሄደ ነበር። መድኃኒቱን የሚሸጠው ወገን የሕመምተኛው መርማሪ ሆነ ማለት ነው።

የኬተሪንግ የቀሩት ዓመታት በሥራ የተሞሉ ነበሩ። የመኪና ቀለም ለመድረቅ ይወስድ የነበረውን የሳምንታት ጊዜ ወደ ሰዓታት ያወረደውን ቀለም በማስገኘት ረገድ ድርሻ ነበረው። በእሱ መሪነት የተሻሻለው ባለ ሁለት ምት የናፍታ ሞተር በ1934 ዘፊር በተባለው ባቡር ላይ ተገጥሞ ከዴንቨር እስከ ቺካጎ ሲገሠግሥ የእንፋሎት ባቡር ዘመን ማብቂያ መቃረቡን አመለከተ። በ1945 ከስሎን ጋር በስማቸው የሚጠራ የካንሰር ምርምር ተቋም በኒው ዮርክ አቋቋሙ። በ1947 ከኃላፊነቱ ሲሰናበት በስሙ የተመዘገቡት ፈጠራዎች ከመቶ በላይ ነበሩ። ኖቬምበር 25 ቀን 1958 በዴይተን ዐረፈ። በዚያን ጊዜ እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን በመላው ዓለም ይነድ ነበር።

የመድኃኒቱ ጉዳት በአደባባይ የታወቀው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የምድርን ዕድሜ የለካው ክሌር ፓተርሰን፣ በሥራው ሁሉ እርሳስ እየገባ ልኬቱን ሲያበላሽበት ምንጩን ሊፈልግ ተነሣ፤ በ1965ም በሰው አካልና በአካባቢ የሚገኘው እርሳስ ከተፈጥሮ መጠኑ እጅግ የራቀ መሆኑን አሳወቀ። እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች አረጋገጡ። ከ1975 ዓመተ ምርት ጀምሮ በአሜሪካ መኪናዎች ማርሚታ መስመር ላይ የጭስ ማጣሪያ ካታላይዘር ሲገጠም፣ እርሳስ ካታላይዘሩን ስለሚያበላሸው፣ እርሳስ አልባ ቤንዚን ግድ ሆነ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 በዳካር ተስማምተው እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ እርሳሱን ከቤንዚናቸው አስወጡ። ለመኪና እርሳስ ያለበት ቤንዚን መሸጥ በዓለም ላይ ፈጽሞ የቆመው አልጄሪያ በጁላይ 2021 ስታቆም ነው።

ከሞተሩ የተነሣው ሕመም እንግዲህ መቶ ዓመት ያህል በሰው ደም ውስጥ ዞረ። ኬተሪንግ መንኳኳቱን ሲመረምር አልተሳሳተም፤ ምርመራውን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በማቆሙ ግን ተሳሳተ። ድምፁ ከጠፋ በኋላ ከማርሚታው የሚወጣውን በዚያው ጥንቃቄ አልለካም።

ይህ ታሪክ ዛሬ በየጋራዡ ለሚሠራው ሥራ ቅርብ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንኳኳትን የሚያዳምጥ ሴንሰር በሞተር አካል ላይ ይገጠማል፤ የሚዘለው መርፌ የልጅ ልጅ ነው ሊባል ይችላል። ሴንሰሩ መንኳኳት ሲሰማ የሞተሩ ኮምፒውተር ብልጭታውን ያዘገያል። በካሊፎርኒያ ከ1988፣ በመላው አሜሪካም በተሟላ መልኩ ከ1996 ዓመተ ምርት ጀምሮ መኪናዎች ጉድለታቸውን በኮድ እንዲመዘግቡ ተደነገገ። ኬተሪንግ የምርምር ክፍሉን ሲመራ የኖረበት የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፕ፣ ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1999 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በወጡት ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሮቹ ላይ የመንኳኳት ሴንሰሮቹ በአየር ማስገቢያው ሥር ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ተቀምጠዋል። ውኃ ወደዚያ ሠርጎ የኋለኛውን ሴንሰር ሲያዝገው ፒ0332 የተባለው ኮድ ይመዘገባል። ኮዱን ሰርዞ የሚያስረክብ መካኒክ መብራቷን በማግሥቱ መልሶ ያያታል። ሴንሰሩን ብቻ የሚለውጥም፣ የውኃውን መግቢያ ካልዘጋ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ እዚያው ይመለሳል። ኮዱ የሚለው የሴንሰሩ ምልክት ከልክ በታች ወርዶአል ነው፤ ሴንሰሩ ሞቶአል አላለም፤ ሽቦው ተበጥሶአል ወይም ውኃ ገብቶአልም አላለም። ያንን የሚለየው በመለኪያ፣ አንድ በአንድ፣ ሐሳብን እያፈረሱ የሚደረግ ምርመራ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የፒ0420 ጉዳይ ነው። ይህ ኮድ ካታላይዘሩ ሥራውን በበቂ ሁኔታ እንደማይሠራ ሲያመለክት፣ ዘይት የሚያቃጥል ወይም አንድ ሲሊንደሩ የማይነድ ሞተር አበላሽቶት ይሆናል፤ ጭስ በማርሚታው ስንጥቅ ሾልኮም ይሆናል። ካታላይዘሩን አውጥቶ፣ የኦክሲጅን ሴንሰሩንም በሐሰት ምልክት አታልሎ መብራቷን የሚያጠፋ ሰው ይገኛል። ፒክአፑ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይከፍላል። ሕመሙ ግን ከሞተሩ ወጥቶ በመንገድ ዳር ወደሚቆመው ሕፃን ሳንባ ተሸጋግሮአል። መጠኑ ይነስ እንጂ ከ1921 በኋላ የሆነው ይኸው ነው።

ከኬተሪንግ ሕይወት የሚወረሰው መልካም ነገር ብዙ ነው። የራሱን ሥራ ተከሳሽ አድርጎ መመርመሩ፣ በጆሮ ከሚሰጥ ፍርድ ይልቅ መለኪያ መሥራቱ፣ ሥራው በፋብሪካ በወደቀ ጊዜም ኃላፊነቱን መቀበሉ ለማንኛውም መሐንዲስ አርአያ ነው። የሚጨመርበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥገና የሚጠናቀቀው ምልክቱ ሲጠፋ ሳይሆን፣ ጉድለቱ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ሌላ እንዳልተላለፈ በልኬት ሲረጋገጥ ነው።